ነጠላ ጫማ አድርጎ መምጣት ክልክል ነው

ኮንዶሚኒየም የገባ ሰው አዲስ ንባብ ይጀምራል፤ የደረጃ ላይ ንባብ። በእኛ ብሎክ መግቢያ፣ ከቆጣሪዎቹ ሳጥን አጠገብ፣ ዓመቱን ሙሉ ወረቀት የማይጠፋባት አንድ ክንድ የምታህል ግድግዳ አለች። አንዱ ማስታወቂያ ሳይቀደድ ሌላው በላዩ ይለጠፋል። የውኃ ፓምፕ መዋጮ፣ የጥበቃ ደመወዝ፣ «ደረጃ ላይ በግ ማሰር ክልክል ነው»፣ የጠፋ ቁልፍ፣ የተገኘ የአንድ እግር የሕፃን ጫማ። እኔ ከጋዜጣ አስበልጬ ነው የማነባቸው። ማን በንዴት እንደጻፈ፣ የማን እስክሪብቶ ሰዓቱ ላይ ሲደርስ እንደደረቀበት፣ ማን ለሚስቱ እያነበበ እንዳረመ ከፊደሉ ይታወቀኛል።

የሁሉም ማሳረጊያ ግን አንድ ነው። «በዕለቱ ያልተገኘ ነዋሪ በተወሰነው እንደተስማማ ይቆጠራል።»

ይህቺ ዐረፍተ ነገር ከሕንፃችን ምሰሶዎች ሁሉ የጠነከረች ናት። ኮሚቴ ሲለወጥ አትለወጥም። ለነዋሪውም ምቹ ናት። እሑድ ጠዋት ብርድ ልብስ ውስጥ እንደተጠቀለልኩ ስንት ነገር ተስማምቻለሁ መሰላችሁ! የግቢው በር ቀለም አረንጓዴ እንዲሆን ተስማምቻለሁ፤ አረንጓዴ አልወድም። ጥበቃ እንዲቀየር፣ የተቀየረው ጥበቃ እንዲመለስ፣ ሁለቱንም ተስማምቻለሁ። በኋላ ታዲያ ደረጃ ላይ ቆሜ «ማን ጠይቆን ነው?» እያልኩ አማርራለሁ። ሰው ተኝቶ የተስማማበትን ነገር ነቅቶ መቃወም ይወዳል።

የዘንድሮ ግንቦት ማስታወቂያ ግን ሌላ ነበር። አዲሷ ጸሐፊያችን የሦስተኛ ፎቅ ልጅ ናት፤ ባንክ ነው የምትሠራው። ፊደሏ እንደ ባንክ ደብተር የተደረደረ ነው። እንዲህ ይላል፦ «እሑድ ጠዋት 3 ሰዓት ጣሪያ እንወጣለን። ከዚያ ወርደን ማንሆል እናያለን። ነጠላ ጫማ አድርጎ መምጣት ክልክል ነው።» አጀንዳ የለ፣ ኮረም የለ፣ «እንደተስማማ ይቆጠራል» የለ። ከሥሩ አንድ ባለጌ በእርሳስ «ለምሳስ ምን አለ?» ብሎ ጽፎበታል። እኔ ብቻ ነኝ እንዴ የሳቅሁት ብዬ ዘወር ስል የምድር ቤቷ ባልትና ነጋዴም እያነበበች ትስቃለች። «ጣሪያውንስ ይውጡት፤ ማንሆሉን ግን እኔ ነኝ የማሳያቸው» አለችኝ።

እዚህ ላይ ስለ ሕንፃው ትንሽ ልበል። እንደ ብዙዎቹ የከተማችን ኮንዶሚኒየሞች ጂ ፕላስ ፎር ነው፤ ምድር ላይ ሱቅ፣ ከዚያ በላይ አራት ፎቅ መኖሪያ። በከንቲባ አርከበ ዕቁባይ ዘመን ገርጂ ላይ በሙከራ ተጀምሮ ከተማውን ያዳረሰው የቤት ግንባታ ወጪ ለመቆጠብ የተነሣ ነበርና ሁሉ ነገሩ ቁጠባ ነው። ግድግዳው ብሎኬት፣ ደረጃው ከውጭ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ። ያም ሆኖ ዕጣ ሲወጣ እልልታው የሠርግ ነበር። ሰው ስሙ ዝርዝር ውስጥ ሲገኝ ሚስቱን ሳይሆን የማያውቀውን ሰው ያቅፋል። ዕጣ የወጣልን ግን ቤት ነው። ጣሪያው ለማንም አልወጣም። ደረጃው ለማንም አልወጣም። ማንሆሉማ፣ ቢወጣስ ማን ይወስደው ነበር?

ሕጉ ይህን አስቀድሞ አስቦበታል። ስለ ጋራ ሕንፃ የወጣው አዋጅ ቁጥር 370/1995 ከየቤታችን ውጭ ያለውን የጋራ መጠቀሚያ የሁላችንም አድርጎ፣ ማኅበር አቋቁመን እንድናስተዳድረው ይላል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ እንኳ፣ ፎቅ ብርቅ በነበረበት ዘመን፣ አንድን ሕንፃ ፎቅ በፎቅ ስለሚካፈሉ ባለቤቶች ድንጋጌ አስቀምጧል። ሕግ ግን የጋራ የሚያደርገው በወረቀት ነው። በዓይን የጋራ የሚያደርገው ሌላ ነገር ነው። ይህን የተማርኩት መሰላል ላይ ሆኜ ነው።

እሑድ ዕለት 3 ሰዓት ላይ አራተኛ ፎቅ ኮሪደር ሞላ። ሲያወሩ ብቻ የማውቃቸውን ጎረቤቶቼን እግር ያየሁት ያን ቀን ነው። አንዱ የሠርግ ጫማ አድርጎ መጥቷል፤ ሌላ የተዘጋ ጫማ የለውም። አንዷ የልጇን የስፖርት ጫማ ተረከዙን ረግጣ አድርጋለች። ሁለተኛ ፎቅ ያሉት ጋሼ፣ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ሕንፃ ሥራ ላይ ፎርማን የነበሩ ሰው፣ መሰላሉን ይዘው እንደ ጦር አዛዥ ቆመዋል።

«ሦስት ሦስት እየሆናችሁ ነው። የምስማሩን መስመር ተከትላችሁ ርገጡ፤ ከሥሩ ሞራሌ አለ። መሐሉን የረገጠ እትዬ አልጋ ላይ ይወርዳል።»

እትዬ የዚያው የአራተኛ ፎቅ ናቸው። ጣሪያው የሚያፈሰው እሳቸው ላይ ነው። «ኧረ ይውረድ» አሉ፣ «ውኃውም ሳይጠይቀኝ ነው የወረደው።»

ስወጣ መጀመሪያ ያየሁት ኳስ ነው። ከዚያ ሌላ ኳስ። ከዚያ የባድሜንተን ላባ፣ አንድ ካልሲ፣ ለምን እዚያ እንደተገኘ እስከ ዛሬ የማይገባኝ የቡና ሲኒ። የልጆቻችን የአሥር ዓመት ልቅሶ ጣሪያው ላይ ተኝቷል። አሸንዳው ውስጥ አፈር ሞልቶ፣ አፈሩ ላይ ሣር በቅሎ፣ ሣሩ ደርቋል። ከሣሩ መሐል አራት የሃይላንድ ጠርሙስና አንድ የቲማቲም ችግኝ። ጋሼ ችግኙን ነቅለው «ይሄ እኮ እርሻ ነው፤ ግብር አልከፈልንም» አሉ።

ዲሾቹ ግን ሳቁን አቆሙት። ከታች ስናያቸው እንጉዳይ ይመስላሉ፤ ላይ ሲወጣ ግን እያንዳንዱ ዲሽ በአራት ቡሎን ቆርቆሮውን በስቶ ነው የቆመው። ጋሼ ተንበርክከው በጣታቸው አሳዩን። የቆርቆሮ ምስማር የሚመታው ከጉብታው ጀርባ ላይ ነው፤ ውኃ በሸለቆው እንጂ በጉብታው አይሄድማ። ዲሽ ተካዩ ግን እግሩ የተመቸው ቦታ ላይ፣ ሸለቆው መሐል፣ በስቶ ሄዷል። ጉብታ ላይ ያሉትም ቢሆኑ በደኅና አልቀሩም። ቆርቆሮ ቀን በፀሐይ ይሰፋል፣ ሌሊት በብርድ ይሰበሰባል፤ ይህን ዓመት ሙሉ ሲያደርግ ምስማሩን እያነቃነቀ ይኖራል። ከምስማሩ ሥር ያለችው ጎማ ደርቃ ትሰነጠቃለች። ጋሼ አንዷን ነካ ሲያደርጓት እንደ ቆሎ ተፈረፈረች።

የአንደኛ ፎቁ ሰውዬ ዲሹን ከሽቦው ቀለም ለየው። ቆሞ ወደታች ያያል። እንደገና ወደ መውጫው ቀዳዳ ያይና ይለካል። ከእትዬ መኝታ ቤት በላይ ነው። አልተናገረም፤ ማንም አልተናገረውም። ለስምንት ዓመት ኳስ ያየበት ዲሽ ነው። እትዬ ለስምንት ዓመት ባልዲ የሚያስቀምጡት እዚያ ሥር ነው። እኔ ይህን ዝምታ በየትኛውም ስብሰባ ላይ አይቼው አላውቅም። በስብሰባ ቢሆን ኖሮ «ማስረጃ አቅርቡ» ይል ነበር።

የሒሳብ መምህሩ ሌላ ነገር ይዞ መጣ። ጣሪያው 300 ካሬ ያህል ነው ብሎ ገመተ። አዲስ አበባ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች፤ በአንድ ካሬ ላይ የወደቀ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ሊትር ውኃ ነው። «ስለዚህ በዓመት ከ300,000 ሊትር በላይ እዚህ ላይ ያርፋል» አለ። «በባለ 20 ሊትር ጀሪካን ብትቆጥሩት 15,000 ጀሪካን።» ውኃ በፈረቃ የምንጠብቅ ሰዎች ነን። ጀሪካን ደረጃ ላይ ደርድረን፣ ሌሊት 9 ሰዓት ቧንቧ ሲያጓራ ከእንቅልፋችን የምንዘል። አሥራ አምስት ሺህ ጀሪካን በላያችን ሲያልፍ እኛ ባልዲ የምናስቀምጠው እንዳያጥለቀልቀን ነው። ይህን ሐሳብ ይዤ ብዙ ቆየሁ፤ ጋሼ «አንተ፣ ሌሎች ይውጡ እንጂ» ባይሉኝ እዚያው እውል ነበር።

መሰላል መውጣት የማይችሉት እማማ ኮሪደሩ ላይ ዱካ ላይ ተቀምጠው የሚወርደውን ሁሉ ያስቆማሉ። «ያየኸውን ንገረኝ።» አንዱ ስለ ኳሱ ይነግራቸዋል፣ አንዱ ስለ ምስማሩ። ጸሐፊዋ በስልክ ቀርጻ አሳየቻቸው። ቪዲዮው በዚያው ሪያድ ደረሰ። እዚያ የምትሠራ አንዲት ባለቤት አለችን፤ ከመሄዷ በፊት ተመዝግባ፣ ዕጣው እሷ በሌለችበት ወጥቶላት፣ ቁልፉን ወንድሟ በውክልና የተረከበላት። ቤቱን በፎቶ እንጂ በእግሯ አታውቀውም። ያን ዕለት በኢሞ ደውላ «እስቲ የእኔን በኩል አዙሩት» አለች። የእሷ ቤት ሁለተኛ ፎቅ ነው፤ ጣሪያ ላይ የእሷ በኩል የሚባል ነገር የለም። ማንም ግን አላረማትም። ጸሐፊዋ ስልኩን ወደ ምሥራቅ አዞረችላት።

ከዚያ ወረድን። ባልትና ነጋዴዋ የሱቋን መዝጊያ ከፍታ እየጠበቀች ነው። ባለፈው ነሐሴ ፍሳሹ ገንፍሎ የበርበሬ ጆንያዎቿ ሥር ገብቶባት ነበር። የማንሆሉን ክዳን ሁለት ልጆች በብረት አነሡት። ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ አፍንጫቸው ወሰዱ፤ ወንዶቹ ጀግና መስለው ቀረቡና ወዲያው ሸሹ። ከላይ ፎቅ የመጣው ሁሉ ተሰልፎ እንዲያይ አደረገችው። የቡና አተላ፣ ሩዝ፣ ጨርቅ፣ የሕፃን ዳይፐር፣ ከእንግዲህ የማልጠቅሰው ብዙ ነገር። የአራተኛ ፎቋ እትዬ ሳይቀሩ ጎንበስ ብለው አዩና አተላው ላይ ዓይናቸው ቆመ። ቡና በቀን ሦስት ጊዜ የሚያፈሉ ሴት ናቸው።

«እናንተ ላይ ከሰማይ ነው የሚወርደው» አለች ባልትና ነጋዴዋ፣ «እኔ ላይ ከእናንተ።»

የብሎካችን ታሪክ በሙሉ ይችው ናት። ሁልጊዜ ጣሪያ ሲነሣ ታች ያሉት «እኛ ላይ አያፈስም» ይላሉ። ማንሆል ሲነሣ ላይ ያሉት «እኛ ጋ አይሸትም» ይላሉ። መሐል ያሉት፣ ማለት እኔን የመሰሉ የሁለተኛና የሦስተኛ ፎቅ ሰዎች፣ ከሁለቱም የዳንን ይመስለንና ከሁሉ ቀድመን እንጮኻለን።

በዚያው ስሜት እያለን ለስብሰባ ተቀመጥን፤ ይህም የጸሐፊዋ ተንኮል ነው። ቦታው የጋራ ቤቱ ነው። ይህ ቤት በግ እንድናርድበት፣ እንጀራ እንድንጋግርበት፣ ልብስ እንድናጥብበት ተብሎ የተሠራ ነው። ከገባን ጀምሮ ግን የዕድሩ ድንኳን፣ አግዳሚዎችና ድስቶች ናቸው የሚኖሩበት። ድስቶቹን እያየሁ አንድ ነገር ገረመኝ። እነዚሁ ሰዎች ዕድር ላይ ሌላ ሰዎች ናቸው። ስም ይጠራል፣ የቀረ ይቀጣል፣ የጎደለች ማንኪያ በማግስቱ ትተካለች። እዚያ ማንም «ማን ጠይቆን ነው?» አይልም። ድስቷን ሁሉም በየተራ አጥቧታል፤ እጀታዋ የላላው በየትኛው ለቅሶ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ጣሪያውን ግን እስከዚያ እሑድ ድረስ ከዲሽ ተካይ በስተቀር ያየው አልነበረም።

ስብሰባው የዋህ ነበር ብዬ አልዋሽም። «የዛሬ አራት ዓመት ለቀለም ያዋጣነው የት ገባ?» የሚለው ጥያቄ ተነሥቶ አርባ ደቂቃ በላ። ቀለሙ የተቀባው መንገድ የሚያየው ፊት ብቻ ነውና ጥያቄው ፍትሐዊ ነው፤ ያኔ የነበረው ኮሚቴ ደረሰኝ ሳይሆን ማሳሰቢያ ነበር የሚሰጠን። ጸሐፊዋ አልተከራከረችም። ያገኘችውን የድሮ ወረቀት ሁሉ ፎቶ ኮፒ አድርጋ አምጥታለች፤ «የጎደለውን ያላችሁ አምጡ» ብላ ጠረጴዛ ላይ ተወችው። ቀጥሎ «እኩል ይከፈል ወይስ በካሬ?» መጣ። ባለ ሦስት መኝታዎቹ እኩልነትን ወደዱ፤ ባለ ስቱዲዮዎቹ ካሬ ካሬ አሉ። መምህሩ ሰሌዳ ቢኖር ያስተምረን ነበር። በካሬ ሆነ።

ተከራዮች ከኋላ ቆመዋል። ከብሎካችን ግማሹ ቤት የተከራየ ነው። ባልዲ የሚያስቀምጡት እነሱ፣ ድምፅ የሌላቸውም እነሱ። አንዷ ተከራይ «ድምፅ ባይኖረንም አፍ አለን» ብላ ስትናገር የሰጠችው ሐሳብ ከሁላችን ይሻል ነበር። ዲሾቹ በየራሳቸው ከሚበሱ አንድ የብረት ምሰሶ ከደረጃው ጎን ይቁምና ሁሉም እዚያ ይታሰሩ። ጋሼ «ይቺ ልጅ ፎርማን መሆን ነበረባት» አሉ። ሐሳቡ በሙሉ ድምፅ አለፈ፤ ያመነጨችው ግን እጇን ማውጣት አልቻለችም።

ወሳኙ ነገር ግን ጸሐፊዋ ጣሪያውንና ማንሆሉን ለየብቻ ድምፅ አለማሰጠቷ ነው። አንድ ሥራ፣ አንድ መዋጮ፣ አንድ ውሳኔ። ሦስት ፕሮፎርማ ይሰብሰብ፤ ሦስቱም ከነዋጋቸው ግድግዳችን ላይ ይለጠፉ። ከላይና ከታች አንድ አንድ ሰው፣ ከመሐል ጋሼ፣ ሥራው ላይ ይቁሙ። ሥራው ከሰኔ 12 ሚካኤል በፊት ይለቅ። ሁለት ሰው ድምፀ ተአቅቦ አደረገ። አንደኛው ሁልጊዜም ተአቅቦ ነው፤ ዕድር ላይ ወጥ ሲወጣለትም ተአቅቦ ያለው ፊት አለው።

ቨርጂኒያ የሚኖር የአክስቴ ልጅ ይህን ስነግረው ሳቀብኝ። እሱም ኮንዶ ነው ያለው። በእነሱ ዘንድ ማኅበሩ ቢያንስ በየአምስት ዓመቱ የሕንፃውን ዕድሜ አስጠንቶ፣ ጣሪያው መቼ እንደሚያልቅ ገምቶ፣ ገንዘቡን አስቀድሞ ማጠራቀም እንዳለበት በሕግ ተጽፏል። «ታዲያ ስብሰባ ትሄዳለህ?» አልኩት። «ኧረ እኔ የት ጊዜ አለኝ፤ የተወሰነውን እከፍላለሁ» አለኝ። እንደተስማማ ይቆጠራል ማለት ነው፤ ባሕር ተሻግራም ያቺው ናት። በዚያው አገር ፍሎሪዳ ውስጥ ሰርፍሳይድ በተባለ ከተማ ሰኔ 17 ቀን 2013 ዓ.ም. ሌሊት የፈረሰው ባለ 12 ፎቅ የጋራ ሕንፃ ትዝ አለኝ፤ 98 ሰው ሞቶበታል። መሐንዲስ ሦስት ዓመት ቀድሞ የውኃ መከላከያው እንደከሸፈና ኮንክሪቱ እንደተጎዳ ጽፎ ነበር። ነዋሪዎቹ ግን በመዋጮው መጠን ሲከራከሩ ዓመታት አለፉ፤ የ15 ሚሊዮን ዶላሩ ክፍያ ሊጀመር ሲል ሕንፃው ቀደመ። ይህን ለጎረቤቶቼ አልነገርኳቸውም። እኛ የምንፈራው ባልዲ ነው፤ በዚያው ብንቆይ ይሻላል ብዬ።

መዋጮው እንዴት ገባ ብትሉ፣ የመጀመሪያዋ ከፋይ የሪያዷ ሆነች። ወንድሟ ስሊፑን ሲያመጣ ጸሐፊዋ ግድግዳው ላይ ለጠፈችው። ከዚያ በኋላ ሌላው ሰው ስሊፑን አጠገቧ ለመለጠፍ ተጣደፈ። እኔ ራሴ፣ አልደብቅም፣ የእኔ ስሊፕ በሌላ ወረቀት እንዳይሸፈን ሁለት ጊዜ ወርጄ አይቻለሁ። የአንደኛ ፎቁ ባለ ዲሽ ከካሬው በላይ ነው የከፈለው። ለምን እንዳደረገው አልተጻፈም፤ እትዬም አልጠየቁትም። በማግስቱ ግን ቡና ሲያፈሉ ልጅ ልከው አስጠሩት።

ሥራው እንደማንኛውም ሥራ ዘገየ። አንዱ አሸንዳ አጥሮ መጣ፣ ሠራተኞቹ ሁለት ቀን ጠፉ፣ ሲሊኮን አለቀ። ጋሼ በየቀኑ መሰላል ሥር ቆመው «ጉብታው ላይ! ጉብታው ላይ!» ሲሉ ድምፃቸው ቤቴ ድረስ ይሰማኝ ነበር። ልጆቹ ኳሶቻቸውን ተረከቡ፤ ሁለቱ ግን ኳስ የመጫወቻ ዕድሜ አልፏቸው ተገኙ። ማንሆሉ ተጠርጎ ወንፊት ተገጠመለት። ከሰኔ 12 አላለፈም ለማለት ይቻላል፤ በ13 ነው ያለቀው።

በ15 ሌሊት ዘነበ። እንደ ሰኔ ዝናብ አልነበረም፤ ሐምሌ ተበድሮ የላከው ይመስላል። ነቅቼ አዳመጥኩ። ከላዬ ሰው ይራመዳል፤ ከዚያም ከላዩ። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ የብሎኩ መብራት ፎቅ በፎቅ በራ። መስኮት ከፍቼ ሳይ ውኃው በአሸንዳው መጥቶ በቱቦው እየተምዘገዘገ ይወርዳል። ባልትና ነጋዴዋ ጃንጥላ ይዛ ማንሆሉ ላይ ባትሪ ታበራለች።

ጠዋት ደረጃ ላይ ማንም ማንንም «እንዴት አደርክ» አላለም። ሁሉም የሚወጣው ወደ አራተኛ ፎቅ ነው፤ ጥያቄውም አንድ ነው። «እትዬ፣ ገባ?»

እትዬ በራቸውን ከፍተው ቆመዋል። ባልዲው በእጃቸው ነው።

«መኝታ ቤት ደረቅ ነው» አሉ። «ወጥ ቤት በኩል ግን አንድ ቦታ ጠብ ትላለች። ቀስ ብላ፤ ጨዋ ናት።» ከዚያ ከትከሻችን በላይ አሻግረው አንድ ሰው ፈለጉ። «ያ ባለ ዲሹ የታለ? የእሱ ቀዳዳ አይደለም፣ ብቻ ይምጣና መሰላሉን ይያዝልኝ።»

ወደ እግራቸው ተመለከትኩ። የተዘጋ ጫማ አድርገዋል።